ሠላሳ ሁለተኛው ጭረት

ጋሪው የድንጋዩን ድልድይ ሲወጣ የኋላ መንኮራኩሩ ተንገጫገጨ፤ ማኅተም ቀራጺዋ ሣጥኗን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገችው። በሣጥኑ ውስጥ ስድስት መቅረጫ፣ አንድ ሞረድ፣ አንድ ማለስለሻ ድንጋይ፣ ባለ ሁለት እግር የብረት መለኪያ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀይ ሰምና ከአባቷ የወረሰችው የናስ ማኅተም ነበሩ። ከማዶ ሰፈር ከተነሡ ጀምሮ አራት ጊዜ ከፍታ ቆጥራቸዋለች። ለአምስተኛ ጊዜ ልትከፍት ስትል ጋሪ ነጂው ዞር ብሎ አያት።

«እትዬ፣ መሣሪያ እግር የለውም እኮ። ጥሎሽ አይሄድም።»

«አንተ ፈረስህን እይ። የቀትር ደወል ሳይደወል አድርሰኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

«ፈረሱ ደወል የሚሰማ መሰለሽ? ዓመት ሙሉ ገብስ ያልቀመሰ ፈረስ ቢደወል ባይደወል ምን ገዶት!» ብሎ ሳቀና ጅራፉን አየር ላይ አጮኸ።

እሷ አልሳቀችም። በጋሪው ወለል ላይ የወደቀውን የሣጥኑን ጥላ በስንዝር ለካችና ወደ ሰማይ ቀና አለች። ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷታል።

ከአሥራ አራት ወር በፊት ወረርሽኙ ከተማው ሲገባ አገረ ገዢው በሽታው ያልያዘው ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ እንዲሰፍር አዝዞ ነበር። ቤት ያለው ሰው ሲወጣ በከተማው በር ላይ በትልቁ መዝገብ ስሙን ያስጽፋል፤ ከስሙ ጎን ማኅተሙን በሰም ያትማል፤ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው የማያውቃቸውን ሦስት ነገሮች ለጸሐፊው በጆሮው ይነግራል። ሲመለስ ሦስቱን ይጠየቃል፣ ማኅተሙም ከድሮው ጋር ይመሳከራል። ዘዴው ጥሩ ነበር። ከጎረቤቱ ግማሹ ሞቶ፣ ግማሹ ተበትኖ፣ «አዎ፣ እሷ ናት» የሚል አንደበት በጠፋበት ከተማ ሰውን ከሰው የሚለይ ሌላ ምን ይኖራል? ለመመለሻ የተሰጠው አርባ ቀን ዛሬ ያልቃል። ቀትር ላይ መዝገቡ ይዘጋል፤ ባለቤቱ ያልመጣለት ቤት ለወታደር ይሰጣል።

ቀራጺዋ የዘገየችው ወድዳ አይደለም። በሮቹ በተከፈቱ ሰሞን ትኩሳት ጣላት። በአሥራ አንደኛው ቀን ላብ ወጥቷት ተረፈች፤ እግሯ ግን እንደ ሕፃን እግር እየተብረከረከ ከምንጣፏ አላነሣትም አለ። ዛሬም ከጋሪው ስትወርድ ጋሪ ነጂው ክንዷን ይዞ ነው።

«ቤትሽ ሰላም ያቆይሽ፣ እትዬ» አላት።

በሩ ላይ ወረፋው አጭር ነበር። የበሩ ጸሐፊ ብርዑን እየላሰ የሚጽፍ፣ ከንፈሩ በቀለም የጠቆረ ቀጭን ሰው ነው።

«ሥራ?»

«ማኅተም ቀራጺ።»

«እሰይ! ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ዳቦ ጋጋሪ አስገብቻለሁ፤ ዳቦ ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁም። አንቺ እንኳ ሥራ አታጪም። እዚህ የተረፈን ወረቀት ብቻ ነው። ስም?»

ስሟን ከነአባቷ ስም ተናገረች። ጸሐፊው ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገጽ ገለጠ። ጣቱ ቁልቁል ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። እንደገና አቀረቀረ።

«ስምሽን ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይቺ ሴት ገብታለች» አለ ጸሐፊው።

«ማን ናት የገባችው?»

«አሁን ስሟን የጠራሻት ናታ! ማኅተም ቀራጺዋ። ከሦስት ቀን በፊት መጥታ፣ ተጠይቃ፣ መልሳ፣ ማኅተሟ ተመሳክሮ ቁልፏን ወስዳለች። ይኸው፣ እይው።» መዝገቡን አዞረላት።

የራሷ ስም ነበር። ከጎኑ ከሦስት ቀን በፊት የተመታ ቀይ ሰም ላይ በክብ ውስጥ ያለች ቅርንጫፍ፣ ሦስት ቅጠል፣ በጠርዙ ዙሪያ ቀጫጭን ጭረቶች። መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አይደለም፤ ልማድ ሆኖባት ሥራውን ነው ያየችው። የቅጠሎቹ ጅማት ቦታ ቦታውን ይዟል። አባቷ ሲቀርጽ እጁ የሳተበት የግንዱ መታጠፊያ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ እንኳ አልቀረችም። ፍርሃቱ የመጣው ይህን ሁሉ አይታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

«የገባሁት እኔ አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ መሰላት።

ጸሐፊው ግራና ቀኝ አይቶ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ስሚኝ፣ እህቴ። አሁን ዞረሽ ብትሄጂ እኔ አላየሁሽም። እውነትሽንም ይሁን ውሸትሽን አላውቅም። ብቻ አንዴ ከገባሽ፣ ከሁለት አንዳችሁ ግንባሯ ሳይተኮስ አትወጣም።»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ድልድዩን አየችው። ማዶ የቀረ ነገር የለም፤ ድንኳኑን እንኳ ትናንት ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች። ያላት ያ ቤት ነው፤ በሌለችበት ስሟ የገባበት ቤት።

«አስገባኝ» አለችው።

በሩን የሚጠብቀው አሥር አለቃ ወስዶ በሩ ላይ ባለው የድንጋይ አዳራሽ አስቀመጣት። «እዚችው ተቀመጪ፤ ሌላዋን ከቤቷ ላምጣት» አለና ወጣ። «ከቤቷ» ማለቱ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ጥግ ላይ የከሰል ማንደጃ ነበረ። በከሰሉ ውስጥ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ተሰክቷል። የሰው ስም ይዞ የተገኘ ሰው በዚያ ብረት ግንባሩን ይተኮሳል፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ የራሱን ስም ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም። ከብረቱ ዓይኗን ለመንቀል ብላ ማሰብ ጀመረች፤ ማሰብ ደግሞ ለእሷ በተራ በተራ ነው።

ሦስቱ ነገሮች ምን ነበሩ? አንደኛው፣ እናቷ ስትናደድ ብቻ አባቷን የምትጠራበት የቅጽል ስም። ሁለተኛው፣ የምድር ቤቱ ደረጃ ስንተኛው ላይ ሲረገጥ እንደሚጮህ። ሦስተኛው፣ በሥራ ጠረጴዛዋ እግር ሥር ባለችው ቀዳዳ ውስጥ የደበቀችው የሞተባት ልጇ የወተት ጥርስ። እነዚህን ለማን ተናገረች? ለበሩ ጸሐፊ። ከዚያ ውጪ ለማንም… አይደለም። ለአንድ ሰው ተናግራለች።

ማዶ ሰፈር ዓመት ሙሉ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ኖረዋል። ልብስ ሰፊዋ የሰው ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ በከተማው የራሷ የምትለው በር ያልነበራት ሴት ናት። ዝናቡ በማያባራበት ወር ሁለቱ ጎን ለጎን ተጋድመው የሚያወሩት ሲያልቅባቸው፣ አንዷ ስለ እናቷ ስታወራ ሌላዋ ስለ አባቷ፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ስታለቅስ፣ የደረጃውም የጥርሱም ነገር አንድ በአንድ ወጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ «ድንገት ብንለያይ ማስታወሻ እንዲሆነኝ ማኅተምሽን ምቺልኝ» አለቻት። ቀራጺዋ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ለደንበኞቿ «ማኅተማችሁን ባዶ ሰም ላይ አትምቱ፤ ከእሱ ላይ በቀለጠ ናስ ሌላ ማኅተም ሊገለበጥ ይችላል» ስትል ኖራለች። ያን ቀን ግን ሥራዋን የምታሳየው ሰው አጥታ የከረመች ባለሙያ ነበረች። ጠንካራውን ሰም መርጣ፣ በልኩ አሙቃ፣ ጥርት ያለ አድርጋ መታችላት። «ውይ፣ ሲያምር!» ስትላትም ደስ አላት።

«ምነው እጄን በቆረጠው!» አለች አሁን ለራሷ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

አንድ ነገር ብቻ ለልብስ ሰፊዋም አልተናገረችም። የአባቷ ቤት ልማድ ነው፦ በየዓመቱ መጀመሪያ ቀን በማኅተሙ ጠርዝ ላይ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች አንዲት ጭረት ይጨመራል። ከዓመቱ መለወጫ ቀድሞ የተገለበጠ ማኅተም ካለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም። ይህን ባሏ እንኳ ሳያውቅ ነው የሞተው። ከከተማው ስትወጣ ሠላሳ አንድ ጭረት ነበረው። ልብስ ሰፊዋ ማስታወሻ ብላ የወሰደችው ሠላሳ አንድ ጭረት ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሲለወጥ፣ ቀራጺዋ ልብስ ሰፊዋ ውሃ ልትቀዳ እስክትወጣ ጠብቃ፣ ሠላሳ ሁለተኛውን ጨመረችበት።

እዚህ ላይ ስትደርስ እጇ ሣጥኑ ላይ ደረቀ።

መዝገቡ ውስጥ ያለው ሠላሳ አንድ ነው። ሌባዋ የያዘችው ሠላሳ አንድ ነው። ከመዝገቡ ጋር የማይገጥመው የእሷ የራሷ ነው።

ስሟን ይጠብቅልኝ ብላ ያደረገችው ነገር ስሟን አሳልፎ ሊሰጠው ነው። ክዳኑን በቀስታ ከፈተች። ማለስለሻው ድንጋይ እጇ ሥር ነው፤ ጭረቷን ለመደምሰስ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድባትም። ማኅተሙን አወጣች። ድንጋዩን ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቆመች። ብትደመስሰው ከሌባዋ ጋር እኩል ትሆናለች እንጂ አትበልጣትም፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ሴቶች ቢመጡ ደግሞ የመዝገቡ ሹም የሚያምነው ቀድማ የገባችውን ነው። በዚያ ላይ በዓለም ላይ ያለው እውነተኛ ማኅተም ይሄ ብቻ ነው። በገዛ እጇ ልታስዋሸው? ድንጋዩን መለሰችና ክዳኑን ዘጋች። መቀርቀሪያው የገባላት በሦስተኛው ሙከራ ነው።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የመዝገቡ ሹም ገባ፤ አንገቱ ላይ በጥቁር ክር ማጉያ መስታወት ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። የበሩ ጸሐፊ ሁለት መዝገብ ተሸክሞ ተከተለው። በመጨረሻም አሥር አለቃው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ገባ።

የቀራጺዋን ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፤ ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀራጺዋን ስታይ ፊቷ ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነ፤ ሰው የሌለበት ቤት መሰለ። ወዲያው ግን መልሳ ሰበሰበችው።

«ሁለታችሁም አንድ ሰው ናችሁ አሉኝ» አለ ሹሙ እየተቀመጠ። «እንዲያ ከሆነ አንድ ወንበር በበቃችሁ ነበር። እስቲ ቁሙ። ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ?» ልብስ ሰፊዋን ነበር የጠየቃት።

«አይ፣ ጌታዬ። አይቻት አላውቅም።»

ቀራጺዋ ትኩሳት ጥሏት በነበረ ጊዜ አንገቷን ደግፋ ውሃ ያጠጣቻት ይህች ድምፅ ናት፤ «አይዞሽ፣ አንዴ ብቻ ተጎንጪልኝ» ያለቻትም። ብረቱን ከማየቷ ይልቅ ይህን መስማቷ አስፈራት።

ሹሙ በተራ ጠራቸውና ሦስቱን ጥያቄ በጆሯቸው ጠየቃቸው። ሁለቱም በጆሮው መለሱለት። የወተት ጥርሱ ላይ ስትደርስ የቀራጺዋ ድምፅ ተሰበረ፤ ሽማግሌው ግን በወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ እንጂ አላያትም።

«ሦስቱም ልክ ነው። የሁለታችሁም» አለ። «ማኅተም።»

ጸሐፊው ሰም አቀለጠ። ሁለቱም መቱ፤ ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ነበር የመታችው። ሹሙ መስታወቱን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አጎነበሰ፤ ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል።

«በመዝገቡ ጠርዙ ላይ ሠላሳ አንድ ጭረት አለ» አለ። «የዚችኛዋ ሠላሳ አንድ። ያንቺ ሠላሳ ሁለት።»

አሥር አለቃው ሳይታዘዝ ወደ ማንደጃው አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

ቀራጺዋ የአባቷን ልማድ ከሥሩ ጀምራ ተናገረች፤ ለምን እንደሚጨመር፣ መቼ እንደሚጨመር፣ ይህኛውን መቼ እንደጨመረች።

«ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው ማን ነው?» አለ ሹሙ።

«ማንም የለም። ምስጢር ነው።»

«ታዲያ ማን ይመስክርልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች።

«እጄ ይመስክርልኝ» አለች ቀራጺዋ ድንገት። «መቅረጫዬ ይኸው። ለሁለታችንም ናስ ስጡንና አንዳንድ ጭረት እናውጣ። ቀራጺ የሆነችው ማን እንደሆነች ያኔ ታያላችሁ።»

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐሳቡን ወዶታል። ልብስ ሰፊዋ ግን የተጠቀለለ እጇን ቀስ ብላ ከፍ አደረገች።

«እኔ በምን ልያዘው፣ ጌታዬ? ማዶ ሳለሁ ቁስል ወጣብኝ። ሐኪሙ የበሽታው ትርፍ ሳይሆን አይቀርም፣ ጨርቁ አይነሣ ብሎኛል። ካላመናችሁኝ ፍቱትና እዩት።» እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋችው።

ሹሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ጸሐፊው መዝገቡን ደረቱ ላይ ለጥፎ ግድግዳው ድረስ ሸሸ። አሥር አለቃው እንኳ አፉን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ያን ጨርቅ የሚነካ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«ይበቃል!» አለ ሹሙ። «ደወሉ ሊደወል ነው። መዝገቡ የሚለው…»

ቀራጺዋ አልሰማችውም። የምትይዘው ሲጠፋት ዓይኗ ወደ ለመደው ሥራ ሄዷል፤ ካፖርቱን እያየች ነው። ካፖርቱ የእሷ ነው፤ ቤቷ ባለው የልብስ ሣጥን ውስጥ ነበር የተወችው። እሷ ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ በቁመትም በጎንም ትበልጣለች። ታዲያ ካፖርቱ እንዴት በልኳ ሆነላት? እጅጌው አጥሯል። ጎኑ ጠቧል። ክሩ አዲስ ነው፣ ገና አላደፈም። ስፌቱ ደግሞ… አንድ አውራ ጣት በማይሞላ ቦታ ውስጥ አሥራ አራት ስፌት፣ አንዱ ካንዱ ሳይበላለጥ። ያንን እጅ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ስታየው ኖራለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት ይፈቀድልኝ።»

«ቶሎ በይ።»

«ካፖርትሽን ማን አጠበበልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «ምን አገባሽ?»

«መልሺላት» አለ ሹሙ።

«በሽታው አከሳኝ፣ ጌታዬ። ሰፋብኝ። ከገባሁ በኋላ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጥቼ ነው ያስጠበብኩት።»

ሹሙ መስታወቱን ከዓይኑ አወረደ። «ለየትኛው ልብስ ሰፊ?»

«እዚያ… ገበያው አጠገብ ያለው።»

«ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ የለም፣ ልጄ» አለ ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ። ልስላሴው ያስፈራ ነበር። «የገባውን ሁሉ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ዳቦ ጋጋሪ ገብቷል፣ ጫማ ሰፊ ገብቷል፣ ጥርስ ነቃይ ሳይቀር ገብቷል። ልብስ ሰፊ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አንድም አልገባም። እኔ ራሴ የተቀደደ ሱሪ ለብሼ ነው የተቀመጥኩት።»

ማንም አልሳቀም። ቀራጺዋ ጠረጴዛውን ዞረችና የተጠቀለለውን እጅ ያዘች።

«አትንኪው!» አለ ጸሐፊው ከግድግዳው ሥር።

ቁስሉ እውነት ቢሆንስ? ለአንድ ዓመት ያመለጠችው ሞት በዚህ ጨርቅ ሥር ቢሆንስ? የጨርቁን ጫፍ አገኘችና መፍታት ጀመረች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። ልብስ ሰፊዋ እጇን አልነጠቀችም። ጨርቁ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ደህና እጅ ወጣ፤ በአመልካች ጣቱ ጫፍ ላይ የመርፌ ጥቃቅን ነቁጦች ብቻ ነበሩበት።

ሹሙ መቅረጫ ከሣጥኑ አንሥቶ ለልብስ ሰፊዋ አቀበላት። አልተቀበለችውም።

«እንግዲህ ስለ ሠላሳ ሁለተኛው አስረጂኝ» አለ ወደ ቀራጺዋ ዞሮ። አሁን ድምፁ የሚያዳምጥ ሰው ድምፅ ነው።

ሁለት እግር ያለው የብረት መለኪያዋን አወጣች። አንዱን እግር መዝገቡ ላይ ባለው በድሮው ማኅተም አንድ ጠርዝ፣ ሌላውን በተቃራኒው ጠርዝ ተክላ፣ ሳታላላ ወደ ራሷ ማኅተም አዛወረችው፤ ልክክ አለ። ወደ ልብስ ሰፊዋ አዛወረችው፤ አንደኛው እግር ከክቡ ውጪ ወጥቶ ቆመ። ፀጉር የምታክል ልዩነት ናት፤ ግን አለች።

«ሰም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ የቀለጠ ናስም እንዲሁ። ከሰም ላይ የተገለበጠ ማኅተም ከእናቱ ያንሳል። የእኔ ጭረት ጨመረ እንጂ ስፋቱ አልተለወጠም።»

ሹሙ መለኪያውን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ራሱ ሞከረው። ከዚያ ብርዑን አነሣና በመዝገቡ ላይ ከሦስት ቀን በፊት የተጻፈውን መስመር ሰረዘ። ቀራጺዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን ይቺ ማን ናት?» አለ ሹሙ። «ስምሽ ማን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጨርቅ አነሣች።

«ታውቂያታለሽ?» ቀራጺዋን ነበር የጠየቃት።

አላውቃትም ማለት ትችላለች፤ እንዲያ ተብላለች እኮ። የልብስ ሰፊዋን ስም ከነአባቷ ስም ተናገረች። ጸሐፊው ሁለተኛውን መዝገብ፣ የሙታኑን፣ አገላበጠ።

«ሞታለች» አለ። «ማዶ ሰፈር፣ በትኩሳት። ያስመዘገበችው…» ቀና አለ። «ያስመዘገበችው ማኅተም ቀራጺዋ ናት። ከሦስት ቀን በፊት።»

ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሞት በቀራጺዋ ስም አስመዝግባለች። የምትመለስበት በር አልተወችም።

«የሰው ስም ይዞ፣ የራሱ ስም የሌለው ሰው ብረቱ ይገባዋል» አለ ሹሙ፤ ሕጉን እንደሚያነብ ሰው እንጂ እንደተቆጣ ሰው አልነበረም። «ግን ቤት ያለው ሰው ሕያው መሆኗን በማኅተሙ ካረጋገጠላት ከሙታን መዝገብ ትሰረዛለች፤ ሳትተኮስ ከበሩ ትወጣለች። ከዚህ በኋላ ከተማው ውስጥ እግሯን አታስገባም። ማነው የሚያትምላት?»

አሥር አለቃው ብረቱን ከከሰሉ መዘዘ። ጫፉ ቀይ ነበር።

«አሥራ አንድ ቀን አገላበጥኩሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ለቀራጺዋ ብቻ የምታወራ ይመስል ዝቅ ብላ። «አንድ ሌሊት እንኳ ብተኛ ኖሮ ሞተሽ ታድሪ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ላብ ሲወጣሽ ቀድሜሽ መጣሁ፤ በሩ አጠገብ ሃያ ቀን ጠበቅኩሽ፤ አልመጣሽም። አንቺ ካልመጣሽ የሚወስደው ወታደር ነው። እኔ ብገባበት ምን አለበት አልኩ።»

«ማኅተሙን በናስ ያስገለበጥሽው መቼ ነው? ከትኩሳቱ በፊት ነው በኋላ?»

ልብስ ሰፊዋ አልመለሰችም። ቀራጺዋ ጠበቀች፤ ይህን አንድ ነገር ማወቅ ከቤቱ በላይ ፈልጋው ነበር። ከትኩሳቱ በፊት ካስገለበጠችው ታዲያ ለምን አዳነቻት? ቀራጺዋ ልትሞት ተኝታ ሳለች ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ሌላ ብታዞር ቤቱ ዛሬ ያለ ተከራካሪ የእሷ ነበር። በዚያች ሴት ውስጥ አስታማሚዋም ሌባዋም ነበሩ፤ የትኛዋ ወደ በሩ እንደመጣች ልብስ ሰፊዋ ራሷም የምታውቅ አትመስልም።

ቀራጺዋ ተነሥታ በሙታኑ መዝገብ ላይ በፈሰሰው ሰም ማኅተሟን መታች። እጇን ሳታነሣ የቀትሩ ደወል ተደወለ፤ ጸሐፊው የተመላሾቹን መዝገብ ዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ ካፖርቱን አወለቀችና በሥርዓት አጣጥፋ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አግዳሚው ላይ አኖረችው። በበሩ ስትወጣ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጠረጴዛው አጠገብ ስታልፍ፣ ዓይኗ ገና ያልቀዘቀዘው ሰም ላይ ቆሞ ነበር። ጠርዙ ላይ። የምትቆጥር ይመስል ነበር።

ቀራጺዋ ይህን አየች። ሰው ሁሉ ሲወጣ መቅረጫዋን አንሥታ፣ ዓመቱ ሳይሞላ፣ ማኅተሙ ላይ ሠላሳ ሦስተኛውን ጭረት አወጣች።

ቤቷ የነበረበት መንገድ ባዶ ነው። በአንዳንዱ በር ላይ የበሽታው ምልክት የነበረው ነጭ ኖራ እስካሁን አልታጠበም። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ፣ ካፖርቱ ክንዷ ላይ፣ ሣጥኑ ብብቷ ሥር ነው። በሯ ፊት ደረሰች። በመስኮቱ ሲታይ ሰፊ የነበረው መጋረጃ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ አሥራ አራት አሥራ አራት ስፌት።

ቁልፉን አወጣች። ቀዳዳው ውስጥ ልትከተው ስትል እጇ ቆመ። መልሳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

የራሷን በር አንኳኳች። ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሽዋን ይዛ፣ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ እንዳይመጣ እየፈራች ለረጅም ጊዜ ቆማ አዳመጠች።